ምዕራፍ 7፦ ከሮቦቱ ጀርባ ያለው እጅ

ሰበታ ውስጥ አንድ ቤት እናስብ። አባት ሽንት እየከለከላቸው ሰንብተው ለአዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። ተመርምረው፣ ናሙና ተወስዶላቸው፣ «የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ ገና አልተሠራጨም፤ ኦፕራሲዮን አንዱ አማራጭ ነው» ተብለው በአለም ገና በኩል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማታ ልጆች ተሰበሰቡ። ዱባይ ያለችው ልጅ በስልክ፣ «ህንድ በሮቦት ይሠሩታል፤ እዚያ እንውሰደው» ትላለች። ታናሹ ደላላ የላከለትን ፎቶ ያሳያል፦ አራት ክንድ ያለው፣ እንደ ሸረሪት አልጋው ላይ ያጎነበሰ ነጭ ማሽን። የአጎት ልጅ ደግሞ ባንኮክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሌላ ዓይነት እንዳለ ሰምቷል። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፦ «የትኛው ሮቦት ነው የሚሻለው?»

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ሸሽተን አናልፈውም። ማሽኖቹን በየስማቸው እያነሳን እናነጻጽራለን። ነገር ግን ቤተሰቡ ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ፤ ምዕራፉም የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው። ሮቦት የሚባለው ማሽን የሐኪሙን እጅ ያረዝማል፣ ያቀጥናል፣ ያረጋጋል፤ እጁ የማያውቀውን ግን አያውቅለትም። ስለዚህ ማሽን ከማሽን ከማወዳደራችን በፊት እጅን ከእጅ ማወዳደር አለብን። (እንዳለፉት ምዕራፎች ሁሉ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ያሳሳተን ነገር

«ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም ቋንቋዎች የገባው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 ከጻፈው ተውኔት ነው፤ ሥሩ የግዳጅ ሥራ ማለት ነው። በፊልም ያየናቸው ሮቦቶች ግን ራሳቸው የሚራመዱ፣ ራሳቸው የሚወስኑ ስለሆኑ፣ በሽተኛው «በሮቦት ትሠራለህ» ሲባል ሐኪም የሌለበት ክፍል ይታየዋል። ግማሹ በዚህ ይደነግጣል፤ ግማሹ ደግሞ «ማሽን አይሳሳትም» ብሎ ይጽናናል። ሁለቱም ስሜቶች የሚነሱት ካልሆነ ነገር ነው።

በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቀመጣል። ፊቱን መመልከቻ ላይ ያሳርፋል፣ ጣቶቹን በመያዣዎቹ ውስጥ ያስገባል። ጣቱን ሲያጥፍ በበሽተኛው ሆድ ውስጥ ያለው ቀጭን መሣሪያ ይታጠፋል፤ ጣቱ ሲቆም መሣሪያውም ይቆማል። ዳ ቪንቺ በሚባለው ማሽን ላይ ሐኪሙ ፊቱን ከመመልከቻው ካነሳ ክንዶቹ ባሉበት ይቆማሉ። ማሽኑ የት እንደሚቆረጥ አይወስንም፤ ደም ሥሩን ከነርቩ ለይቶ የሚያየው የሐኪሙ ዓይን ነው።

በእንስራ አፍ የሚሠራ ሥራ

በምዕራፍ 5 ስለ ላፓሮስኮፒ ስናወራ፣ ሆድን በሰፊው ከመክፈት ይልቅ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ቁስሉን እንደሚያሳንስና በሽተኛው ቶሎ ቤቱ እንዲገባ እንደሚረዳ አይተናል። የዚያ ዘዴ ችግር ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ እንስራ ይበቃል። ረጅም እንጨት በእንስራው አፍ አስገቡና ታች የቀረ ነገር ለማውጣት ሞክሩ። እንጨቱ አፉ ላይ ስለሚደገፍ እጃችሁን ወደ ቀኝ ስትወስዱ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከፍ ስታደርጉት ዝቅ ይላል። ጫፉም አይታጠፍም። በእጃችሁ ላይ ያለች ትንሽ መንቀጥቀጥ ደግሞ ታች ስትደርስ ትጎላለች። በላፓሮስኮፒ የሚሠራ ሐኪም ይህን ሁሉ ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል።

ሮቦቱ የመጣው ይህን ለማቃለል ነው። አንደኛ፣ የመሣሪያው ጫፍ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ይዞራል፤ በእንስራው ውስጥ ትንሽ እጅ የገባ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ቀኝ ቀኝ፣ ግራም ግራ ይሆናል፤ ግልባጩ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሐኪሙ እጁን 3 ሴንቲሜትር ሲያንቀሳቅስ ጫፉ 1 ሴንቲሜትር ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ መንቀጥቀጡም ተጣርቶ ይቀራል። አራተኛ፣ በሁለት ዓይን የሚታይ፣ ጥልቀት ያለው፣ እስከ 10 እጥፍ የጎላ ምስል ይሰጣል። ፕሮስቴት ከዳሌ አጥንት ጀርባ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ያለ ዕጢ በመሆኑ ሮቦቱ መጀመሪያ ስም ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

የሚወስደውም ነገር አለ። ልብስ ሰፊ ክሩ መጥበቁን በጣቱ ያውቃል። በብዙዎቹ ሮቦቶች ላይ ይህ የጣት ስሜት ስለሌለ ሐኪሙ ክሩ ምን ያህል እንደተሳበ የሚገምተው በዓይኑ ነው። ይህን በደንብ ለመልመድ ብዙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ስሞቹን እንወቃቸው

አሁን ደላላው ወደላከው ፎቶ እንመለስ። «ሮቦት» በሚለው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቤተሰብ አለ።

የመጀመሪያው እስካሁን ያወራንለት፣ ለሆድ፣ ለዳሌና ለደረት ውስጥ አካላት የሚያገለግለው ነው። በዚህ ውስጥ አንጋፋው የአሜሪካው ኢንቱዩቲቭ ኩባንያ ዳ ቪንቺ ነው፤ በአሜሪካ ለአጠቃላይ የላፓሮስኮፒ ቀዶ ጥገና ፈቃድ ያገኘው በ2000 ነው። አራቱም ክንዶቹ ከአንድ ምሰሶ ይነሳሉ፣ ሐኪሙም ፊቱን ሸፍኖ ይመለከታል። በ2024 ፈቃድ ያገኘው ዳ ቪንቺ 5 ለሐኪሙ የመሳብና የመግፋት ኃይልን የሚያሳውቁ መሣሪያዎች አሉት። የእንግሊዙ ቨርሲየስ እያንዳንዱን ክንድ በየራሱ ጋሪ ላይ ለያይቶ ስላቆመ በጠባብ ክፍልም ይገባል፤ ሐኪሙ በግልጽ ስክሪን ፊት ለፊት ስለሚሠራ ከረዳቶቹ ጋር እንደ ልቡ ይነጋገራል። የሜድትሮኒክ ኩባንያ ሁጎ በ2021 ቺሊ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ላይ ሥራ ጀመረ፤ እሱም ክንዶቹ የተለያዩ ናቸው። ሴንሃንስ የካሜራውን እንቅስቃሴ ከሐኪሙ ዓይን ጋር ያገናኛል፣ የጣት ስሜትም ይመልሳል። ጃፓን ሂኖቶሪን፣ ቻይና ቱማይን፣ ህንድ ኤስ.ኤስ.አይ. ማንትራን ሠርተዋል።

ሁለተኛው ቤተሰብ የአጥንት ነው። ማኮ የሚባለው ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ያገለግላል። አስቀድሞ በተነሳ ሲቲ ስካን ላይ ዕቅድ ይወጣል፤ ሐኪሙ መጋዙን ሲገፋ ክንዱ ከታቀደው መስመር እንዳይወጣ ይይዘዋል። አናጢ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፎ እንደሚሰነጥቅ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሳይበርናይፍን የመሳሰለው ነው። ስሙ ቢላዋ ቢያስመስለውም አይቆርጥም፤ ከብዙ አቅጣጫ ጨረር የሚያነጣጥር የጨረር ሕክምና ነው። «በሮቦት» የተባለ ሰው ይህኛውን ይሁን ያኛውን ሳይለይ መወሰን የለበትም።

ታዲያ በመጀመሪያው ቤተሰብ ውስጥ ካሉት መካከል የትኛው ይሻላል? ልዩነታቸውን ደግመን እንየው፦ ክንዱ አንድ ምሰሶ ላይ ነው ወይስ ተለያይቷል? መመልከቻው ዝግ ነው ወይስ ክፍት? መሣሪያው ስንት ጊዜ ያገለግላል? ሆስፒታሉ ምን ያህል ይከፍላል? አብዛኛው ልዩነት የሐኪሙን ወገብና የሆስፒታሉን ካዝና የሚመለከት ነው። በሽተኛውን የሚነካው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የሰፊው እጅ

ከሰበታ ዋና መንገድ ዳር በየበረንዳው የስፌት ማሽን ይሠራል። ለልጃችን ሠርግ ልብስ ስናሰፋ ማንን እንመርጣለን? «ማሽንህ ምን ዓይነት ነው?» ብለን አንጀምርም። ያለፈውን የሰፋውን እናያለን፤ ጎረቤት እንጠይቃለን። ጥሩ ሰፊ ጥሩ ማሽን ሲያገኝ ሥራው ያምራል፣ ይፈጥናል። ጀማሪ ሰፊ ውድ ማሽን ላይ ቢቀመጥ ግን ጨርቁን የሚያበላሸው በፍጥነት ነው።

ይህ ለኦፕራሲዮንም እንደሚሠራ የታየባቸው ሁለት ጥናቶች አሉ። በ2013 የታተመው የመጀመሪያው በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ጨጓራን ለውፍረት ሕክምና በላፓሮስኮፒ የሚሠሩ 20 ሐኪሞችን ያካተተ ነው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አንድ ኦፕራሲዮን ቪዲዮ ሰጡ፤ ሌሎች ቀዶ ሐኪሞች የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ ለእጅ ሥራው ብቻ ነጥብ ሰጡ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት አንድ አራተኛ ሐኪሞች ካከሟቸው በሽተኞች 14.5 በመቶው ጉዳት ወይም ችግር ሲገጥማቸው፣ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ዘንድ ግን 5.2 በመቶ ብቻ ነበር። ሁሉም የሠሩት አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን ነው፤ የውጤቱ ልዩነት ከእጃቸው ችሎታ ጋር አብሮ ሄደ።

በ2007 የታተመው ሁለተኛው ለሰበታው አባት ይበልጥ ይቀርባል። 72 ሐኪሞች ባካሄዷቸው ከ7 ሺህ በላይ የፕሮስቴት ካንሰር ኦፕራሲዮኖች ላይ የተሠራ ነው፤ ሁሉም በቀጥታ ተከፍቶ የተሠሩ፣ ሮቦት የሌለባቸው። ቀድሞ 10 ብቻ የሠራ ሐኪም ዘንድ ካንሰሩ በ5 ዓመት ውስጥ የመመለሱ ዕድል 17.9 በመቶ ሲሆን፣ 250 የሠራ ሐኪም ዘንድ 10.7 በመቶ ሆኗል። ልምድ ማለት እዚህ ላይ የማዕረግ ጉዳይ ሳይሆን የበሽተኛው ዕድሜ ነው።

ከሁለቱም ጥናቶች በላይ ይህን የምታስተምረን ግን የራሳችን ማሚቱ ጋሼ ናት። በወጣትነቷ በወሊድ በደረሰባት የፌስቱላ ጉዳት በሽተኛ ሆና ወደ አዲስ አበባ መጣች። በ1959 ኢትዮጵያ የገቡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟት። መደበኛ ትምህርት አልነበራትም። ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥሎ በኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ ታቀብል ነበር፤ እያየች፣ እየረዳች፣ እየሞከረች ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ጠጋኝ ሆነች፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልማለች። እጇን እንዲህ የሠራው መላልሶ መሥራት ነው። ሮቦት ለእንዲህ ዓይነት እጅ ቢሰጥ በረከት ነው።

ሮቦቱ ሲሻል፣ ሲተካከል፣ ሲያንስ

ከእጁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለእኔ ሕመም በሮቦት መሠራት ምን ይጨምርልኛል?» የሚለው ነው። መልሱ እንደ ሕመሙ ይለያያል።

በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ 326 የፕሮስቴት ካንሰር በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በሮቦት፣ ግማሾቹ በቀጥታ ተከፍቶ እንዲሠሩ ተደረገ። የ2016ቱ ውጤት እንዳሳየው በሮቦት የተሠሩት የፈሰሳቸው ደም ያነሰ፣ በሆስፒታል የቆዩበትም ጊዜ ያጠረ ነበር። ወንዶች አብዝተው በሚጨነቁበት ነገር ላይ ማለትም ሽንት በመቆጣጠርና በግብረ ሥጋ አቅም ግን በ12 ሳምንት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ሮቦት የሌለበት ጥሩ ሐኪም ዘንድ በቀጥታ ተከፍቶ መሠራት ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

ለታችኛው አንጀት ካንሰር 471 ሰዎች የተካፈሉበት የ2017 ጥናት ሮቦትን ከተራ ላፓሮስኮፒ ጋር አወዳድሯል። ኦፕራሲዮኑ ተጀምሮ ሆድ ለመክፈት የተገደዱት በሮቦት 8.1፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ስለሆነ ሮቦቱ አሸነፈ ለማለት አልበቃም።

ሦስተኛው ጥናት እያንዳንዷ እናትና እህት ልትሰማው የሚገባ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነውና። በ2018 የታተመው ይህ ጥናት ገና በጅምር ደረጃ ያለ የማህፀን በር ካንሰር ያለባቸውን 631 ሴቶች ተከታትሏል። በትናንሽ ቀዳዳ ከተሠሩት መካከል ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ከካንሰሩ ነፃ የሆኑት 86 በመቶ ሲሆኑ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 96.5 በመቶው ነፃ ነበሩ። በቀዳዳ ከተሠሩት አብዛኞቹ በላፓሮስኮፒ፣ የቀሩት በሮቦት ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በየካቲት 2019፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለጡትና ለሌሎች ካንሰሮች ሮቦት መጠቀም ደህንነቱና ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ትንሽ ቁስል ደስ ይላል፤ ዋናው ዓላማ ግን ካንሰሩን ማስወገድ ነው።

የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ

በ2001 መስከረም ዶክተር ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛች የ68 ዓመት ሴት ሐሞት ከረጢት ዜውስ በተባለ ሮቦት አወጡ። ዓለም ውቅያኖስ ስለተሻገረው እጅ አወራ። ከአልጋው አጠገብ ግን ሰመመን የሚሰጥ፣ ቀዳዳውን የሚከፍት፣ ሮቦቱ ቢቆም በእጁ የሚረከብ ሙሉ ቡድን ቆሞ ነበር። በምዕራፍ 4 ያየነው የዓለም ጤና ድርጅት 19 ጥያቄዎች ያሉት የማረጋገጫ ዝርዝርም ሮቦት ባለበት ክፍል አይቀርም። በድንገት ደም ቢፈስ ክንዶቹን ነቅሎ፣ አልጋውን አስተካክሎ፣ ሆድ ለመክፈት የተለማመደ ቡድን ያስፈልጋል።

ቡድን ደግሞ እንደ ዕቃ ተገዝቶ አይመጣም። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሲከፈት መሠረቱ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገ የሥልጠና ሥራ ነበር። ማሬስኮ የመሠረቱት የሥልጠና ተቋምም በ2023 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ማዕከሉን የከፈተው የአህጉሩን ቀዶ ሐኪሞች ለማሠልጠን ነው። ከማሽኑ በፊት እጅ የሚሠራ አገር ማሽኑ ሲመጣ ይጠቀምበታል።

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ሌላ ስሌት አለ። ኦፕራሲዮኑ ሦስትና አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ ሕክምናው ግን ወራት ይወስዳል። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው የሽንት ቱቦ ይዞ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ የወጣው ዕጢ ምርመራ ውጤት ይጠበቃል፤ ከዚያም ካንሰሩ አለመመለሱን የሚያሳየው የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። ዴልሂ የተሠራ ሰው ሌሊት ትኩሳት ቢነሳበት በር የሚያንኳኳው አዲስ አበባ ነው። የሚቀበለው ሐኪም ምን እንደተሠራ የሚያውቀው በሽተኛው ይዞ በመጣው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ውጭ የሚሄድ ሁሉ የኦፕራሲዮኑን ሙሉ ሪፖርት፣ የናሙናውን ውጤትና የታዘዘለትን መድኃኒት ዝርዝር በእጁ ሳይዝ አውሮፕላን አይሳፈር። መብረር መቼ እንደሚፈቀድለትም ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ ረጅም ሰዓት መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋልና።

ጥያቄዎቹ በተራቸው

እንግዲህ የሰበታው ቤተሰብ ጥያቄዎቹን እንዲህ በተራ ይጻፋቸው።

1. ኦፕራሲዮን የግድ ነው? ላልተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ጨረርም አማራጭ ነው፤ በዝግታ ለሚያድግ ደግሞ በቅርብ እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል።

2. ይህን ኦፕራሲዮን፣ ለዚህ ሕመም፣ እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ባለፈው አንድ ዓመትስ? ሆስፒታሉ የሠራውን ቁጥር ሳይሆን እጁን የሚያሳርፈውን ሐኪም ቁጥር ይጠይቁ።

3. ከሠሯቸው መካከል ስንቱ ችግር ገጠማቸው? ስንቱስ ሆድ ወደ መክፈት ተዛወረ? ቁጥሩን የሚያውቅና የሚናገር ሐኪም ሥራውን የሚከታተል ሐኪም ነው።

4. ለእኔ ሕመም ከፍቶ ከመሥራት ይልቅ በሮቦት መሥራት ምን ጥቅም ተረጋግጦለታል?

5. ቤቴ ስገባ የሚከታተለኝ ማነው? ከእርስዎ ጋርስ በምን ይገናኛል?

6. ተጨማሪው ወጪ ስንት ነው? ዳ ቪንቺ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ መሣሪያዎቹም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚቀየሩ ናቸው፤ ሒሳቡ ከፍ የሚለው በዚህ ነው። የድኅረ ክትትሉን ገንዘብ የሚበላ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

7. ማሽኑ የትኛው ነው? ሐኪሙስ በዚሁ ዓይነት ስንት ሠርቷል?

ቤተሰቡ የጀመረበት ጥያቄ ሰባተኛ ላይ መጣ። ከላይ ያሉት ስድስቱ ጥሩ መልስ ካገኙ ሰባተኛው አያስጨንቅም፤ ጥሩ መልስ ካላገኙ ደግሞ የሰባተኛው መልስ አያድንም። በማግስቱ ልጆቹ ደላላው ጋር ሲደውሉ ስለ ማሽኑ ሌላ ፎቶ አይለምኑ፤ «የሚሠራው ሐኪም ማነው?» ይበሉ። ስም መስጠት ካልቻለ መልሱን ሰጥቷል።

አባት ኦፕራሲዮኑን ጨርሰው ቤት ገብተዋል እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ቀናት ምን ይመስላሉ? አስታማሚውስ ምን ይጠብቅ? ምዕራፍ 8 ከዚያ ይነሳል።